የታጠበው የጋራዥ ወለል

ላገባት ያሰብኳት ልጅ አባት ከለሚ ተነስተው ደብረ ብርሃን ያለውን ጋራዤን ሊያዩ እንደሚመጡ ስሰማ፣ ወለሉ ለዓመታት የጠጣውን ዘይት በሰጋቱራ አስመጥጬ፣ በዱቄት ሳሙናና በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጌ፣ ሲሚንቶውን እንደ ፋሲካ ነጠላ አነጣሁት። ንጽሕናዬን አይተው ልጃቸውን ይሰጡኛል ብዬ ነው። ሰውዬው ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ገብተው ወለሉን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ለመሆኑ እዚህ መኪና ገብቶ ያውቃል?»

«በየቀኑ ይገባል፣ አባባ።»

«ታዲያ ዘይቱ የት አለ? እኔ ልጄን ለሥራ ፈት አልሰጥም።»

ነገሩ ትዳር ነውና አላመነታሁም፤ የተቃጠለ ዘይት በባልዲ አምጥቼ ወለሉ ላይ ደፋሁት። ሊያዩ ጠጋ ሲሉ አንሸራተታቸውና ዘይቱ መሐል ቁጭ አሉ። ደግፌ አነሳኋቸው። የጋቢያቸውን ጀርባ በጥሞና ሲመረምሩ ቆዩና፣ «አሁን ጋራዥ መሰለ» አሉ። «ሽማግሌ ላክ። ጋቢውንም ወለሉን ባጠብክበት አጥበህ አብረህ ላከው።»