የአውሮፕላኑ ቤንዚን

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ ካሚዮን፣ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ ለጠሊያን ቤንዚን የሚቀዳ አንድ ጎልማሳ አጠገቡ ላሉት ሽማግሌ ሲያወራ ሰማሁ።

«የጠሊያኑ ሹም የሩጫ መኪና ትናንት መጣች። ቁመቷ ከፍየል አይበልጥም።»

«እሺ።»

«ሁለት በርሜል ነበረኝ፤ አንዱ ተራ ቤንዚን፣ አንዱ አውሮፕላን የሚጠጣው ብርቱ ቤንዚን። ብርቱውን ጭነት ለሚጎትት ካሚዮን ሰጠሁ። እሷ ትንሽ ናት ብዬ ተራውን ቀዳሁላት።»

«ተሳስተሃል ወላሂ። ገብስ ለግልቢያ ፈረስ ነው፤ ለጭነት አህያ ጭድ ይበቃታል።»

«አሁን ገባኝ፣ ሼኹ። ሹሙ አጠገቡ አስቀምጦኝ ዳገቱን ስንጀምር፣ የመኪናዋ ሆድ ውስጥ እንደ ወባ በሽተኛ ጥርስ ይንገጫገጭ ጀመር። ወርዶ ጆሮውን ኮፈኗ ላይ አደረገና ከየትኛው በርሜል እንደቀዳሁ ነገረኝ።»

«ሳያይ?»

«ሳያይ።»

«ሱብሃነላህ። ገረፈህ?»

«አልገረፈኝም። ጆሮዬን ይዞ ኮፈኗ ላይ አስጠጋው። ‹ስማት› አለኝ። ሰማኋትና ይቅር በይኝ አልኳት።»

ሽማግሌው የተቀመጡበትን ጆንያ ዳበሱ።

«ብርቱውን የጠጣው ካሚዮንስ የት አለ?»

«ይኸው፣ የተሳፈርንበት።»

እኔም ጆሮዬን ጆንያው ላይ አሳርፌ ሞተሩን እያዳመጥኩ፣ ደሴ እስክንገባ ቀና አላልኩም።