አንድ ዓይነት ብሎን፣ የየራሱ ሳጥን

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከሥራችሁ ላይ ጊዜ ቀንሳችሁ፣ ወንበር ደርድራችሁ ስለሸኛችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ።

አስቀድሜ ግን በር ላይ ሁላችሁም የጠየቃችሁኝን ልመልስ፤ ካልመለስኩ አታዳምጡኝም። ጎረቤቴ ጋሽ ቶርኖ ደህና ነው፣ ከሐኪም ቤት ወጥቷል። ልጁም መንታ በሰላም ተገላግላለች። ከሐሞቱ ያወጡለትን ጠጠር በብልቃጥ አስቀምጦ ለጠያቂ ሁሉ ያሳያል። «መለያ ቁጥር አልለጠፍክበትም?» ብዬ ስጠይቀው ሊስቅ ሲል ስፌቱ አሳመመው።

ለአዲሶቹ ልንገራችሁ። ጋሽ ቶርኖ ከአጥሩ ማዶ ባለው ፋብሪካ የአውሮፕላን ብሎን ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። እነሱ ይሠራሉ፤ እኛ ተረክበን እናስቀምጣለን፣ ለሚያዙን እናከፋፍላለን። እነሱም የጥራት መመሪያ አላቸው፣ እኛም አለን። የማን ይከብዳል በሚለው አብረን ወደ ቤት ስንሄድ መንገዱን ሙሉ እንጨቃጨቅ ነበር።

«እኛ እንቆርጣለን፣ እናግላለን፣ እንለካለን» ይለኛል። «እናንተ ምን ትሠራላችሁ? መደርደሪያ መወልወል።»

«አንተ ጋ ቢበላሽ መለኪያህ ይነግርሃል፤ እኔ ጋ ከተደባለቀ ማን ይነግረኛል?» እለዋለሁ።

እውነቴን እኮ ነው። ብሎን ተሠርቶ ካለቀ መልኩ አንድ ነው። የትኛው ከየትኛው ብረት፣ ከየትኛው ምድጃ እንደወጣ በዓይን አይለይም። የእኛ ሥራ የትውልድ ሐረጉ እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው። ስለዚህ አብሮ የተሠራ ምድብ አብሮ ይቀመጣል፤ ቀጥሎ የመጣው ምድብ፣ ቁርጥ እሱን ቢመስልም፣ የራሱ ሳጥን ይከፈትለታል። ሳጥኑ ግማሽ ባዶ ቢሆንስ? ባዶ ይሁን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ቶርኖ ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አንዱ ምድብ ምድጃ ውስጥ በቂ ሙቀት አላገኘም። ወደ እናንተ ተልኳል» አለኝ።

መሰላሉን ጎተትኩ። የዚያ ዓይነት ብሎን በየምድቡ፣ በየሳጥኑ ተቀምጧል። ያንን ብቻ አወረድን፣ አሸግን፣ ከእሱ ለወሰዱት ብቻ ደወልን። ተደባልቆ ቢሆን ኖሮ የትኛው አውሮፕላን ይቁም፣ የትኛው ይብረር እንል ነበር? ጋሽ ቶርኖ ግድግዳውን ተደገፈና «በይ እንግዲህ፣ መደርደሪያሽን ወልውይ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጭቅጭቁን አልተወም፤ ድምፁን ብቻ ቀነሰ።

ምን ይናፍቀኛል? ብሎኑ የሚጠቀለልበት የዘይት ወረቀት ሽታ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ስልክ አልሰማ እያለን በምልክት የምንግባባው። በየዓመቱ እየመጣ ያችኑ የተሰበረች ወንበር መርጦ የሚቀመጠው ኦዲተር። እህቴ ጋ ሄጄ የጨርቅ ሱቅ ልንከፍት ነው፤ እዚያም ጥቅሉን ሁሉ በየምድቡ ሳልለይ የምቀመጥ አይመስለኝም።

አሁን የከነከነኝን ልናገር። ፋብሪካው እኛን እንደገዛን ታውቃላችሁ። አዲሷ የጥራት ኃላፊያችን፣ ጨዋ ሰው ናት፣ «ሁሉም የኛው ምርት ነው፣ ሁሉም ተፈትሾ ያለፈ ነው፤ አንድ ዓይነቱን በትልቅ ሳጥን ብናደርገው ቦታ አይተርፍም?» አለችኝ። የቦታው ነገር እውነት ነው፤ በመደርደሪያዎቹ መሃል ልንተላለፍ አልቻልንም። እኔም «እመቤት፣ ለአምራች አንድ፣ ለአከፋፋይ ሌላ መመሪያ የተጻፈው እኮ ለዚህ ነው» አልኳት። «ልየው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልጣመኝም። እኔስ እሄዳለሁ፤ ሳጥኖቹ ቢደባለቁ ግን መልሶ የሚለያቸው ማን ነው?

በሉ፣ ልመርቃችሁ። ጉልበታችሁ አይድከም፣ ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። ከእጃችሁ የወጣው ዕቃ የታመነ ይሁን፤ በእሱ ታምኖ የሚበረውም ሰው ቤቱ በሰላም ይግባ።

ደግሞም ደስ ብሎኝ ነው የምሄደው። ቅድም ጠረጴዛዬን ሳራግፍ የጥራት ኃላፊዋ መጣች። መደርደሪያውን ቆማ አየችና «የአከፋፋዩ መመሪያ እንዳለ ይቀጥላል። ታዝዞ የመጣውን ትልልቅ ሳጥን መልሰነዋል» አለችኝ። ወንበር ሳብኩላት።

እሷ ስትወጣ፣ ከማሸጊያ ክፍል መጥታ የምትተካኝ ልጅ፣ እናት፣ ገባች።

«እትዬ፣ ዛሬ የገባው ብሎን ካለን ጋር አንድ ነው። የቀድሞው ያለበት ሳጥን ቦታ ነበረው፤ ግን አዲስ ከፈትኩለት» አለችኝ።

«መቼ?» አልኳት።

«ጠዋት።»

«ጠዋት እኮ ገና አልተወሰነም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለችና መሰላሉን ይዛ ሄደች።