የደመወዝ ክፍላችን የኔታ

አባቶቻችን ካህናት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ የፋብሪካችን ኃላፊዎች፣ የሠራተኛ ማኅበራችን ጓዶች፣ ሌሊቱን በታንኳ ቀዝፋችሁ ከዘጌ የመጣችሁ ዘመዶች፣ እትዬ ሙሉነሽ፦ በፊታችሁ እንድቆም ስለፈቀዳችሁልኝ ከእግራችሁ ሥር እወድቃለሁ። የብርጓል እባላለሁ። ከአቶ ሀብተ ሥላሴ ጋር በደመወዝ ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ።

ንግግር ጻፊ ተባልሁ፤ ጻፍሁ። ወረቀቱ ይኸው በእጄ ነው። ላነበው ግን አልቻልሁም። «ነበሩ» ይላል። ማን ናቸው የነበሩት? ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ከቢሮ አብረን አልወጣንም? በሩ ላይ ቆመው «መስኮቱን ዝጉ፣ ዝናብ ይገባል» አላሉንም? ዛሬ ረቡዕ ነው። ዛሬ ሥራ የሚገቡበት ቀን ነው። እኛ ግን እዚህ አፈር ላይ ቆመናል። እኔስ አልገባኝም። የገባው ሰው ካለ ይንገረኝ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የዓመት ፈቃድ ወጥተው አያውቁም። ጉልበታቸው ደረጃ መውጣት እስኪያቅተው ድረስ አልወጡም። ወንዛዬ ሄደው ፍል ውኃው እንዲታጠቡ የለመንናቸው እኛ ነን። ፎርሙን የሞላሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ስማቸውን፣ ቀኑን፣ ምክንያቱን ጽፌ «የኔታ፣ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው» አልኋቸው። ሳቁ። «እናንተ ልጆች፣ ከቢሮዬ ልታባርሩኝ ነው?» አሉና ፈረሙ። ትናንት ሲመለሱ አንበሳሜ ላይ የጭነት መኪና አገኙ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል ብሎ ሾፌሩ ጋቢና አስገባቸው። ጥቂት እንደሄዱ አንዲት አራስ ልጇን ታቅፋ መኪናውን አስቆመች። የኔታ ወርደው ቦታቸውን ለእሷ ለቀቁና ከኋላ ከጆንያው ላይ ወጡ። ሾፌሩ ትናንት ማታ እያለቀሰ የነገረን ይህንን ነው። መኪናው ዳገቱ ላይ ተንሸራቶ ተገለበጠ። አራሷ ደኅና ናት። ሕፃኑም ደኅና ነው። የኔታ ግን...

እንዴት ነው ይህን ነገር ሰው የሚያምነው?

ለምን የኔታ እንደምንላቸው ሁላችሁም አታውቁ ይሆናል። አቶ ሀብተ ሥላሴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ከሐይቁ ገዳማት በአንዱ ሃያ ዓመት መጻሕፍት ሲገለብጡ የኖሩ ሰው ናቸው። በስድሳ ሰባት የገዳሙ መሬት ሲወረስ የጸሐፊው ቀለብም አብሮ ቀረ። ሚስት አለች፣ ልጆች አሉ። ብርዕና ቀለም እንጀራ የማይገዛበት ዘመን መጣ። እንግዲህ በሠላሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ የፋብሪካችን በር ላይ ቆሙ። «ምን ትችላለህ?» ተባሉ። «መጻፍ» አሉ።

የዚያን ጊዜው የደመወዝ ክፍል ኃላፊ አቶ አስማማው ይኸው እዚህ ቆመዋል። ከተሳሳትሁ ያርሙኝ። የመጀመሪያውን የደመወዝ ዝርዝር፣ ፔሮሉን፣ ሰጧቸው። ሦስት ቀን አጎንብሰው ጻፉ። ሲያመጡት የክፍሉ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። አርእስቱ በቀይ፣ የሠራተኛው ስም በጥቁር ቀለም፣ ፊደሉ ተስተካክሎ የተደረደረ ዶቃ ይመስላል። ቁጥሩ ግን ከላይ እስከ ታች ግዕዝ! አርባ አምስት ብር የሚለው ፵፭ ሆኖ ተጽፏል።

«አንተ ሰው፣ ይህ ፔሮል ነው ወይስ ዳዊት?» አሏቸው አቶ አስማማው።

«ጌታዬ፣ የሰው ስም ነውና ተጠንቅቄ ጻፍሁት» አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ በማግሥቱ የሒሳብ መጽሐፍ ገዝተው መጡ። ዜሮ አስቸገረቻቸው። «ምንም ያልሆነች ነገር እንዴት ቁጥር ትባላለች?» ብለው ተሟገቱ። አቶ አስማማው «አትናቃት፤ ከኋላ ስትቆም አሥሩን መቶ ታደርገዋለች» አሏቸው። በዓመቱ የመደመሪያ ማሽኑን ቁልፎች ሳያዩ ይመቱ ጀመር። በሦስተኛው ዓመት ትርፍ ሰዓት፣ ጡረታ፣ ግብር፣ የማኅበር መዋጮ፣ የሺህ ሰው ተቀናሽ በቃላቸው ያውቁ ነበር። ድጓ የያዘ ጭንቅላት ፔሮል ያቅተው ይሆን?

በሰባ ሁለት አቶ አስማማው ጡረታ ሲወጡ ኃላፊነቱን ለእሳቸው ሰጡ። እምቢ አሉ። «እኔ ጸሐፊ ነኝ እንጂ አለቃ አይደለሁም» ብለው ሁለት ሳምንት ተከራከሩ። በመጨረሻ ወንበሩን ተቀበሉ፤ ቢሮውን ግን አልተቀበሉም። ጠረጴዛቸውን አስወጥተው ከእኛ ከአራታችን መካከል አስቀመጡት። የዋህ ነበሩ አልላችሁም። ይቆጡ ነበር። ሰባትን እንደ አንድ የጻፈ ሰው ወረቀቱ ተመልሶ ይወረወርለታል። እርሳሷ ማለቋን ካላሳየን ሌላ አይሰጡንም። ግን የማንኛችንንም ሥራ ሌላችን እንድናውቅ አደረጉ። «አንዷ ብትታመም የሠራተኛ ልጅ ጦሙን ይደር?» ይሉን ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልናገር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርሁትም።

የሰባ አምስትን ታኅሣሥ የምታስታውሱ አላችሁ። የሽመና ክፍል የሠላሳ ሁለት ሰው ትርፍ ሰዓት ሳይከፈል የቀረበት ወር ነው። ወንድሜ ደሞዝ፣ አንተም ነበርህበት። የአንተስ ስምህ ጭራሽ ከፔሮሉ ላይ ጠፋ። ሰዉ «ደሞዝ ያለ ደሞዝ ቀረ» ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ግን ብዙ አልቆየም። የክፍያው መስኮት ላይ ሕዝብ ተሰበሰበ። መስተዋቱ ተንቀጠቀጠ። ከመካከል አንድ ድምፅ «ይህ አሻጥር ነው!» አለ። አሻጥር! ያ ቃል ምን እንደሚያስከትል እዚህ ለቆመ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሁላችንም በድን ሆንን። እኔ እጄን ከጠረጴዛው ሥር ደበቅሁ። የጻፈ እጅ ይናገራልና።

የኔታ ተነሡ። በሩን ከፈቱ። መስኮቱን አይደለም፣ በሩን። ሰው መካከል ገብተው ቆሙ።

«ስሕተቱ የክፍሌ ነው» አሉ። «የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ። ስም የምትጽፉ ከሆነ ሀብተ ሥላሴ ብላችሁ ጻፉ።»

ጻፉ። የኔታ ተወስደው ሁለት ቀን ታስረው ተጠየቁ። «ፔሮሉን ያዘጋጀው ማን ነው?» ሲባሉ «እኔ ነኝ የፈረምሁበት» እያሉ መለሱ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። እትዬ ሙሉነሽ፣ እነዚያን ሁለት ሌሊቶች እንዴት እንዳሳለፉ እርስዎ ያውቃሉ። በሦስተኛው ቀን ተለቀቁ። ቀጥታ ወደ ቢሮ መጡ። ጫማቸው ላይ ጭቃ ነበር። በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ላለቅስ አፌን ስከፍት «ነይ፣ ቁጭ በይ የብርጓል» አሉኝ። «ሦስተኛውን ገጽ አምጪው። አብረን እንድገመው።»

ስሕተቱን የሠራሁት እኔ ነበርሁ። የሦስተኛውን ገጽ ድምር ሳላሻግር የቀረሁት፣ የደሞዝን መስመር የዘለልሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ከመጀመሪያው ሰዓት ያውቁ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን እንኳ፣ ተቆጥተው እንኳ፣ አላነሡብኝም። ትንፍሽ እንዳልልም «ይህ የክፍላችን ነው» ብለው በቃል አሰሩኝ። ዛሬ ግን በሥጋ የሚያስረኝ ሰው የለም። የሽመና ክፍል ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ይቅር በሉኝ። ደሞዝ፣ አስከሬናቸውን የተሸከምህበት የትከሻህ ላብ ገና አልደረቀም፤ ይቅር በለኝ። እትዬ ሙሉነሽ፣ ከሁሉም በላይ እርስዎ ይቅር ይበሉኝ። ባልዎ በእኔ ምክንያት ሁለት ሌሊት ከቤትዎ ውጭ አድረዋል።

(ወይዘሮ ሙሉነሽ፦ «ይፍታሽ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ።»)

አሜን። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እንግዲህ ሰኞ ዕለት የዚህን ወር ፔሮል ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እሳቸው ዘጋን። ሦስት ጊዜ ደመርነው። ሦስቱም ጊዜ ገጠመ። አራታችንም እንደ ልጅ ዘለልን። «ረቡዕ ሲመጡ ምን ይሉ ይሆን?» እየተባባልን ቀን ቆጠርን። ምን ይሉ ነበር? አንድ ጊዜ አገላብጠው አይተው «ደኅና ነው» ይሉ ነበር። ከእሳቸው አፍ «ደኅና ነው» ትልቅ ሽልማት ነበር። ያቺን ቃል ሳንሰማት ቀረን።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ከመምጣታችን በፊት ቢሮ ገባን። ለምን እንደገባን አላውቅም። እግራችን ወሰደን። ማናችንም አልተቀመጥንም። ስልኩ ጮኸ። አነሣሁት። የሩቅ ሰው ነው፤ ያልሰማ ሰው ነው።

«አቶ ሀብተ ሥላሴን ፈልጌ ነበር» አለ።

«የሉም» አልሁት።

በየቀኑ የምንለው ቃል ነው። ስብሰባ ሲሄዱ የሉም፣ ባንክ ሲሄዱ የሉም። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

«መቼ ይመለሳሉ?» አለኝ ሰውዬው።

ምን ብዬ ልመልስለት? አስተምረውኛል፤ ብዙ ነገር አስተምረውኛል፤ ይህንን ግን አላስተማሩኝም።

የኔታ፣ አሁን ካህናቱ እየጠበቁ ነው፤ ላቆያቸው አልችልም። የሺህ ሰው ስም ተጠንቅቀው ጽፈዋል፤ የእርስዎንም ስም የሕይወት መጽሐፍ ባለቤት ተጠንቅቆ ይጻፍልን። ስለ ልጆችዎ አይሥጉ፤ ስለ እትዬ ሙሉነሽ አይሥጉ፤ አራታችን አለን። ሠራተኛው በቀኑ ደመወዙን ያገኛል። ስንሳሳት በሩን ከፍተን እንወጣለን።

በሰላም ይረፉ፣ የኔታ። ደኅና ይሁኑ።