በግራ ክንድ የተለካ ኮት

ግቢ ግቢ የኔ እናት! በሩን ገፋ አድርጊው፣ እርጥበት ሲነካው ይይዛል። ውይ፣ ጫማው አዲስ ነው እንዴ? ታምሪያለሽ! ተረከዙ ብቻ ትንሽ ከፍ ብሏል… ቀኑን ሙሉ ደረጃ ለደረጃ ለምትውይ ሰው… አይ፣ ጉልበትሽን ያበርታው። ቁጭ በይ። እዚያኛው ወንበር ላይ አይደለም፣ ስፒል አለበት። እዚህ ሁኚ። ሆቴሉ እንዴት ነው? አንሶላው፣ እንግዳው፣ አለቃሽ? ያቺ እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ ወለደች? እሰይ! እሰይ! ቀሚሷን በሆዷ በኩል ሁለቴ ያሰፋሁላት እኔ አይደለሁ? አሁን ደግሞ እናጠብላታለን።

መጋረጃውን ነው የምታይው? ተይው። ደንበኛ ነው፣ ኮት እየለካ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ ድምፁ እንኳ አይሰማም። ከገባ ሩብ ሰዓት ሳይሆነው አይቀርም። ምን ያስቸኩለዋል? ኮት በእርጋታ ነው የሚለበሰው። አልፎ አልፎ መጋረጃው ብድግ ብድግ ቢል ግን እንዳትደነግጪ… ነፋስ ነው።

እና ጨርቁን ልትወስጂ መጣሽ። አውቃለሁ፣ አትፈሪኝ። ሁለቱም ጥቅል ይኸው መደርደሪያው ላይ ነው፣ ጫፉ እንኳ አልተነካ። አሥራ አንድ ዓመት የሆቴላችሁን የደንብ ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ዘንድሮም ለአርባ ሰው ብለሽ አምጥተሽልኝ ነበር። ከዚያ አንድ ወሬ ሰማሽ። እንዴትስ አትሰሚ? እዚሁ በሬ ላይ ቆሞ ነው የለፈፈው፣ ያውም ቅዳሜ፣ መንገዱ ሰው በሞላበት ሰዓት። "እጇ አርጅቷል! ዓይኗ ፈዟል! ሁለት እጅጌ እኩል መቁረጥ ያቃታት ሴትዮ መቀሷን ትስቀል!" አለ። ያለው አንድ ሙሽራ ነው፣ የሠርግ ኮቱን እኔ ዘንድ ያሰፋ። ስሙን አልጠራም። ስም ከጠራሁ ሐሜት ይሆናል፣ እኔ ደግሞ ሐሜት አልወድም። እንዲያውም ላመሰግነው ነው።

አንቺ… እንዴት ያለ ልጅ መሰለሽ! ከዓይን ያውጣው። ቁመናው ቁመና ነው። ደረት አለው፣ አንገት አለው። ክንድ… ክንድም አለው። አንድ።

ምነው ሳቅሽ? እኔ ምን አልኩ? አለው አልኩ እንጂ የለውም አልኩ?

እኔ እንዴት እንደምቆርጥ መቼም ታውቂያለሽ። ጨርቁን ለሁለት አጥፌ፣ አንዴ በጠመኔ አስምሬ፣ አንዴ በመቀስ! ሁለቱ እጅጌ እንደ መንታ አብረው ይወለዳሉ። የምለካው ደግሞ ግራ ክንድን ነው። ሙያውን ያስተማረችኝ ሴት፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "ቀኙን አትለኪ፣ የሰው ቀኝ እጅ አርፎ አይቀመጥም። ያካል፣ ይጨብጣል፣ ይጠቁማል። ግራው ጨዋ ነው" ትለኝ ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ግራውን እየለካሁ ቀኙን ሰፋሁ፤ አንድ ሰው አልጮኸብኝም። የኔ ስህተት ምን መሰለሽ? ሰው ሁሉ እንደ ጨርቅ ለሁለት ታጥፎ የተቆረጠ ይመስለኝ ነበር።

እና ሙሽራው ኮቱን ሲለብስ ግራው ሰተት ብሎ ገባ። ቀኙ ክርኑ ጋ ሲደርስ ቆመ። ገፋው፣ ቆመ። ጎተተው… ብብቱ ሥር ጧ! ያ ሁሉ ጩኸት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? ክንዱን ፈርቶ እጅጌውን!

አሁን ስስቅ አትይኝ፣ ያን ሰሞን አልሳቅኩም። እውነቱን ልንገርሽ፣ አመንኩት። ኮቱን ፈትቼ ሁለቱን እጅጌ አነባበርኩ፣ በክር እንኳ አይበላለጡም። ሜትሬ ተለጥጦ ይሆናል ብዬ ከማስመሪያ ጋር አስተያየሁት። መነጽሬን ደጋግሜ ወለወልኩ። ምንም የለም! ምንም ሲጠፋ ደግሞ ይብስ ፈራሁ፤ "እንግዲህ ስህተቱ ካልታየኝ እውነትም ዓይኔ ፈዟል ማለት ነው" አልኩ። መኪናዬን ጨርቅ አለበስኳት። አልቅሻለሁም፣ ካንቺ ምን እደብቃለሁ? ስድቡን ልምዱ አለኝ፤ ያስለቀሰኝ እውነት ቢሆንስ የሚለው ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ታዲያ ቀና ስል… ያውልሽ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሕንፃ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ያ ትልቁ መስኮት። ጂም ነው። ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቴ ሲሆን አንድ ቀን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። ማንን ባይ ጥሩ ነው? ያንን ሙሽራ! ቀኙ ብረት ያነሳል፣ ያወርዳል፣ ያነሳል፣ ያወርዳል። ግራውስ? ግራው ስልክ ይዟል። ቪዲዮ ይቀርጻላ! ቀኝህ የሚሠራውን ግራህ አይወቅ ይባላል፤ የዚህ ሰው ግራ ግን ሁሉን ያውቃል፣ ሁሉን አይቷል፣ ሁሉን ቀርጿል… መሥራት ብቻ ነው ያልሞከረው።

አሁን ወደ ግራ ያዞረዋል ብዬ ጠበቅኩ። መርፌና ክሩን እንደያዝኩ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ጠበቅኩ። ኧረ ወዲያ! ሞኝና ስልክ የያዘውን አይለቅም። ግራው ጨርሶ አላደገም ማለቴ አይደለም ደግሞ፣ ሰው አልበድልም። አውራ ጣቱን ብታይ! ያንን ስልክ ሲጫን እየዋለ አውራ ጣት ሆኗል።

ረቡዕም አየሁ፣ ሐሙስም አየሁ። ብቻዬን ሳቅ በሳቅ ሆንኩ። የመኪናዬን ጨርቅ ገፈፍኩና ሳምኳት፣ እኔ ልሙት ሳምኳት!

አሠልጣኛቸው ደንበኛዬ ነው። የሱሪው ዚፕ ተበላሽቶበት ሐሙስ ከሰዓት መጣ። "ልጄ" አልኩት፣ ለራሴ አስመስዬ፣ "የሰው አንዱ ክንድ ከሌላው ቢበልጥ መድኃኒቱ ምንድነው?" "ቀላል ነው እማማ" አለኝ። "ሁለቱን ለየብቻ ማሠራት፣ ሁሌም ከደካማው መጀመር። ግራው ስምንት ጊዜ ካነሳ፣ ቀኙ አሥራ አምስት ቢችል እንኳ ስምንት ላይ ያቆማል። ጠንካራው ደካማውን ይጠብቀዋል። ጥቂት ወር መታገሥ ነው።" እንዴት ያለ ምክር ነው በይ! በነገር ላይ ሁሉ የሚሠራ ምክር። "ለአንድ ልጅ ይህንኑ ብነግረው እምቢ አለኝ" አለ ደግሞ። "ምነው?" ብለው "ቀኜ ቢቀንስብኝስ ብሎ ፈራ" አይለኝም! ወይ አንጀቴ! ግራው ዓመት ሙሉ ጦም ሲያድር ያልጨነቀው ሰው፣ ቀኙ አንዲት ጉርሻ እንዳትቀርበት! እና ይሄ ልጅ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ትዳር ሊገባ ነው። ጠንካራው ደካማውን ይጠብቅ ሲሉት እምቢ ያለ ሰው… መቼም ከሚስቱ ጋር መንገድ ሲሄድ ጥሩ አድርጎ ይቀድማታል።

ቪዲዮውን የሚልከው ለሷ ነው አሉ። ሌላ ከተማ ነው የምትሠራው፤ ዓመት ሙሉ የላከላትን እያየች ከረመች። ቪዲዮው ውስጥ ያለው ታዲያ ቀኙ ብቻ ነው። ግራው ቀራጭ አይደል? ቀራጭ ራሱን መች ይቀርጻል! የሰው ልጅ አንድ እጁን ብቻ እያየች ቀለበት የምታስር ልጅ… እምነቷ እንዴት ትልቅ ነው።

ስለ እግሩ ምንም አልናገርም። ሱሪውን ሦስት ጊዜ አጥብቤዋለሁ፣ ይበቃል። ከወገቡ በላይ ፎቅ ነው፤ ከወገቡ በታች ገና መሠረቱ አልተቆፈረም። አሠልጣኙን ስለ እሱም ልጠይቀው ነበር፣ ለአንድ ዚፕ ይሄን ሁሉ ምክር መጠየቅ ግን ይሉኝታ ያዘኝ።

ደግነቱስ! እላያችን ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩትን አሮጊት ታውቂያቸው የለ? የጋዝ ሲሊንደራቸውን ደረጃው ሥር አስቀምጠው ቁና ቁና ሲተነፍሱ እሱ ከጂም ሲመጣ ያገኛቸዋል። "ልጄ፣ በሞቴ አንድ ደረጃ አድርስልኝ" ይሉታል። ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? "ይቅርታ እማማ፣ ዛሬ የክንድ ቀኔ አይደለም።" እንዴት በትህትና! ቀኑን ቢነግራቸው ኖሮ እኮ ጋዛቸውን አስልተው ይጨርሱት ነበር።

ሰማሽ? ነፋሱ አቃሰተ።

አይ፣ መጋረጃው ውስጥ ያለው ሌላ ልጅ ነው። ኧረ ሌላ ነው! እሱማ ዛሬ ጠዋት መጥቶ፣ "ቀኝ ክንድህን ልለካህ" ብለው፣ "አንዴ ለክተሽኛል፣ ይበቃል፤ ኮት መልበስ አላቅትም" ብሎ ኮቱን ከመስቀያው መንጭቆ ገባ። አንቺ ነው ያለኝ፣ ልብ በይ። ወጣት ሆኜ ታይቼው ይሆናል። እንግዲህ ያረጀው እጄ ብቻ ነው ማለት ነው! የተቀደደውን ሰፍቼዋለሁ፣ ቀኙን ግን ገና አላሰፋሁትም… ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር፣ አውቃለሁ ያለን ሰው ማስተማር ነውር ነው ብዬ ዘጋሁት።

ለዚያኛው ሙሽራ ግን አዝኜለት ምን እንዳዘጋጀሁ ላሳይሽ። ይኸው፣ ከኮቱ የተረፈ ጨርቅ። የቀኙን ብብት ከፍቼ ይህችን ቁራጭ እሰካበታለሁ፤ ክንዱ ይተነፍሳል። በግራው ደግሞ፣ ከገበሩ ሥር፣ ከትከሻው እስከ ክርኑ ስስ ስፖንጅ አነጥፍለታለሁ። ንኪው እስቲ። ለስላሳ ነው አይደል? የሠርጉ ዕለት ሁለት እኩል ክንድ ይዞ ይቆማል፣ ማንም አያውቅበትም። እኔ፣ አንቺ… በሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሁለቱ ሴቶች… እነሱም ቢሆኑ ጨዋ ናቸው፣ ስቀው ዝም ነው የሚሉት።

የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያ ልጅ በሬ ላይ ያስቀመጠውን ቃል እዚያው በሬ ላይ መጥቶ ቢያነሳልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ብብቱን የምፈታባት መቀስ ይቺ ትንሿ ናት፣ በክር አድርጌ አንገቴ ላይ አንጠልጥያታለሁ። መቀሷን ትስቀል አይደል ያለው? ይኸው ሰቀልኳት።

ውይ! ወጣህ የኔ አንበሳ? ተመልከችው እስቲ! ግራው እንዴት ሰተት ብሎ ገብቷል! ቀኙ… ቀኙ ምነው ወደ ላይ ቀረ? ታክሲ ልታስቆም ነው? አይ አይ፣ አትጎትተው፣ አሁንም ይቀደዳል። ደሙ ቆሞ ጣቶቹ ቀልተዋል፣ የኔ ምስኪን። እህቴ፣ እንዴት ያለ መመሳሰል ነው! ልክ ያንን ሙሽራ እኮ ነው የሚመስለው። ሰው ይመሳሰላል መቼም።

ምን አልክ ልጄ? ከፍ አድርገው፤ ዓይኔ ሲፈዝ ጆሮዬም ተከትሎት ሳይሄድ አልቀረም። "መቀሱ አይደለም፣ ክንዴ ነው"? ኧረ በሞቴ! ማን ስለ አንተ አወራ? እኛ እኮ ስለ ሌላ ሰው ነው የምንጫወተው። ደግሞ በሩ ላይ ያሉት ሴቶች በደንብ አልሰሙህም… አዎ፣ እንደሱ! አሁን መንገዱም ሰማ። "ይቅርታ እማማ" አለ፣ ሰማሽ አይደል? ከአንቺ ወደ እማማ መለሰኝ። እንዲህ በአንድ ጊዜ መሸምገል እንዴት ደስ ይላል!

ና፣ ጎንበስ በልልኝ። ትንፋሽህን ያዝ። አትንቀሳቀስ… ይኸው፣ ተፈታህ። አሁን ክንድህን ዘርጋና ልለካህ። ቀኙን። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱንም ነው የምለካው፣ ሰው እስኪሞት ይማራል።

አንቺ ደግሞ ምን እያደረግሽ ነው? ጨርቁን ለምን ወደ መደርደሪያው መለስሽው? ልትወስጂው አልነበር እንዴ የመጣሽው? እሺ… እሺ የኔ እናት። እግዜር ያክብርሽ። አርባውንም ሰኞ ለልክ ላኪያቸው፣ አሥር አሥር እያደረግሽ። እንባዬን አትይው፣ የሳቅ ነው። ግማሹ።

አንተ ልጄ፣ ኮቱን ሐሙስ ትወስዳለህ። ያንን ሙሽራ ታውቀዋለህ መሰለኝ፤ መስታወት አካባቢ ስለማይጠፋ አንተ ታገኘዋለህ። እኔ ቂም አልይዝም፣ ስመርቀው ሰምተህ ምርቃቴን አድርስልኝ። ስለሱ አሜን በልለት፣ እጅህን ዘርጋ። ሁለቱንም እንጂ… ግራዋንም፣ አይዞሽ በላት።

ትዳሩን ያስምርለት። ወልዶ ይሳም፣ ልጁን በሁለት እጁ ይቀፍ። ኮቱን ለብሶ ሲገባ ያየው ሁሉ ይመኘው፣ ጠላቱ ይፈር። እንግዳው ሁሉ ከተሸኘ በኋላ ኮቱን ሲያወልቅ ደግሞ… ሙሽሪት ሳቋን እግዜር ይያዝላት፤ እንደ እናቱ አንጀቷ ይንሰፍሰፍለት።