አብረን ለመኖራችን የተገኘው ማስረጃ

ናይሮቢ ስንኖር የኬንያዊው ባለቤቴ የኦቲየኖ የኢትዮጵያ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ጊዜው አለፈበት። ቡሬ ወዳለው ቤታችን ተመልሰን ልናሳድስ ስንል ፓስፖርቱም፣ የጋብቻ ሰርተፊኬቱም፣ ጉርድ ፎቶውም ተሟልቶ አንድ ነገር ጎደለ፤ ዛሬም አብረን እንደምንኖር የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ። ምስክር አምጡ ተባልንና የሰፈራችንን ሽማግሌ አባ ይሁኔን ይዘን ሄድን። መንገድ ላይ "አደራዎን፣ ደግ ደጉን ይናገሩልን" ብዬ ለምኛቸዋለሁ።

የቀበሌዋ ጸሐፊ "አባ፣ እነዚህ ሰዎች እውነት አብረው ነው የሚኖሩ?" አለቻቸው።

"እንዴታ! ሁለት ጊዜ አኩርፋ እናቷ ቤት ገብታ፣ ሁለቴም ያስታረቅኋቸው እኔ ነኝ። ያሁኑን እንዲያውም፣ ከናይሮቢ ከመጡ ወዲህ፣ በጎመን ነው የተጣሉ። እሱ እንዳገሩ ሠርቶ አቀረበ፤ እሷ ጥሬ ነው አለች።"

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። አገር ምድሩ የማያውቀው ገመናዬ ቢሮ ሙሉ ሰው ፊት ተዘረገፈ! ጸሐፊዋ ግን እየሳቀች ማኅተሙን አነሣች።

"ይበቃል፣ አባ። ለወረቀት ብሎ የተጋባ ሰው በጎመን አይጣላም።"

ደብዳቤውን ይዘን ስንወጣ ኦቲየኖ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ታዲያ ለሚቀጥለው እድሳት በምን እንጣላ?" አለኝ።