የመኪናዬ ባሕታዊ

ከደብረ ወርቅ ወደ ማርቆስ ሰው ስጭን አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ጋቢና ገቡ። አፍሬ የሬጌውን ካሴት ቶሎ አጠፋሁት፤ ፎቶውን ግን ረሳሁት። መሪጌታ ጸጉሩ ተገምዶ ትከሻው ላይ የወረደውን ዘፋኝ ከመስታወቱ በላይ ተለጥፎ ሲያዩት ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

«የየትኛው ገዳም ባሕታዊ ናቸው?» አሉኝ።

ላብ አጠመቀኝ። «ይቅር ይበሉኝ መሪጌታ፣ የጃማይካ ዘፋኝ ነው። ስለ ፍቅር፣ ስለ አገራችንም ሲዘፍን ኖሮ ሞተ።»

ይቆጡኛል ስል፣ «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» አሉኝ።

«እኔንጃ።»

ይሄኔ ተቆጡ። «ይህን ሁሉ ዘመን ሲዘፍንልህ፣ ለነፍሱ የሚጠራበትን ስም እንኳ አልጠየቅህም?»

አንገቴን ደፋሁ። እሳቸውም ወደ ቴፑ ጠቆሙኝ።

«በል ክፈተው። የምጸልይለትን ሰው ድምፁን እንኳ ልወቀው።»