መሬት የተነፈጋቸው የወይዘሮ ሀጂራ አበቦች

የኀዘናችን ተካፋዮች፣ ወይዘሮ ሀጂራ ሐሰን ከአባታቸው ከሼህ ሐሰን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሀፍሳ በወሎ፣ ሐርቡ አካባቢ ተወለዱ። ቁርኣን ቀርተው አኽትመው፣ ዘመናዊውን ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል እንደተማሩ አባታቸው ስላረፉባቸው ወደ ጅዳ መጡ።

በከተማዋ ኦብሑር ሰፈር በሚገኝ ቪላ የተቀጠሩት ለቤት ውስጥ ሥራ ነበር፤ አትክልተኛው አገሩ ሲገባ ግን ግቢውም ተደረበባቸው። ከአጥሩ ሥር ዓረቦች የሕንድ ያስሚን የሚሏቸው ሁለት የፕሉሜሪያ ዛፎች ነበሩ። ቀዩ ቅጠለ ሹል ሆኖ በብርድ ወራት እንደሚረግፍ፣ ነጩ ደግሞ የቅጠሉ ጫፍ ክብ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ እንደማይራቆት፣ የዛፎቹ ወተትም እጅ እንደሚያሳክክ በገዛ ቆዳቸው ተማሩ።

ቀዩ ራቁቱን ሲቀር የቤቱ ማዳም «ሞቷል፤ ኸላስ፣ አብቅቶለታል፣ ይቆረጥ» ቢሉ፣ «ማዳም፣ ተኝቶ ነው፤ ትንሽ ይታገሡት» ብለው አተረፉት። ሙቀቱ ሲመለስም አበበ። የጎረቤት ቪላ ሠራተኛ የሆነችው ሲሪላንካዊት በአገሯ ለአምልኮ የሚቀርብ አበባ ነውና ስትደሰት፣ ኢንዶኔዢያዊቷ ባልደረባዋ ግን በአገሯ መቃብር ላይ የሚተከል ነውና ሽታው ሲደርሳት አለቀሰች። የመቃብር አበባ ነው የሚለው ወሬ ማዳም ጆሮ ገባ። ወይዘሮ ሀጂራ ከመካ ዑምራ አድርገው ሲመለሱ ሁለቱም ዛፎች ተቆርጠው፣ ከቆሻሻ ጋር ተጥለው አገኟቸው።

በፔትሮሚን ጋራዥ መካኒክ ከሆኑት ከአቶ ጅብሪል ጋር በኒካሕ ተሳስረው ጅዳ፣ ሸረፊያ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው ስለነበር፣ ቅርንጫፎቹን ለቅመው፣ የተቆረጡበትን ቁስል አድርቀው፣ እዚያው ጣሪያ ላይ በዘይት ቆርቆሮ ተከሉ። ሥር እንደሰደዱ አከራዩ «ውሃው ያንጠባጥባል» ብሎ ቆርቆሮዎቹን ጎዳና ላይ ወረወራቸው። ያን ቀን ወይዘሮ ሀጂራ፣ «እኛ ከፊል፣ የመኖሪያ ፈቃድ ዋስ፣ ስንለምን የኖርነው አነሰና፣ አበባም ከፊል ያስፈልገው?» ብለው ተንገበገቡ።

ልጃቸው ዘምዘም ከተወለደች በኋላ መካ ውስጥ አንዲት አዛውንት ለመጦር ተቀጠሩ፤ አዛውንቷ «ግቢው ሰፊ ነው፣ ትከዪ» ስላሏቸው ከዚያ ውርወራ የተረፈችውን አንዷን ቅርንጫፍ ተከሉ። ዛፏ ከቁመታቸው በልጣ ማበብ ስትጀምር ሰፈሩ ለመንገድ እንዲፈርስ ተወሰነና ከግድግዳው ጋር ተጠረገች። ከዚያ ወዲያ እጃቸው አፈር አልነካም። ኩላሊታቸው ታሞ በተኙ ጊዜ ዘምዘም ያንኑ አበባ ገዝታ ብታመጣላቸው፣ «ሥር የሌለውን ምን ላድርገው?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

በተወለዱ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው አርፈው፣ ትናንት መካ ተቀበሩ። ባለቤታቸውን አቶ ጅብሪልን፣ ልጃቸውን ዘምዘምን፣ ሐርቡ ያሉትን እናታቸውንና እኔን የአጎታቸውን ልጅ ሳቢርን ትተው ሄደዋል። በዚህ ዓለም የአንዲት ዛፍ መትከያ ያህል መሬት ላልበረከተላቸው እህታችን፣ አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ ከጀነት ማንም ከማያስለቅቃቸው ስፍራ ያሳርፋቸው። አሚን።